ሰባተኛዋ የጤና አዳም ፍሬ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እትዬ አስካለ ሁለት ሻንጣ ይዘው ለንደን ኬኒንግተን ያለው ቤቴ ድረስ መጡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ሦስት ፎቅ በደረጃ ነው የወጡት፤ ሻንጣዎቹን የተሸከመላቸው ከታች ያለው ጎረቤቴ ነው። እትዬ አስካለ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወር ቀርቷቸዋል። ልጆቻቸው ተሰባስበው ለልደታቸው የመርከብ ጉዞ ገዝተውላቸዋል። ጉዞው ታዲያ ሰው ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ሲበላና ሲጠጣ የሚሰነብትበት ዓይነት አይደለም። መርከቧ ትንሽ ናት፤ ውቅያኖስ መሃል እሳተ ገሞራ ወደ ፈጠራቸው ደሴቶች እየወሰደች ወፍና ዓሣ ነባሪ ታሳያለች።

«ሳይጠይቁኝ ነው ቡክ ያደረጉት» አሉ፣ ሶፋው ላይ ዘፍ ብለው። «ወፍ ለማየት ካምደን ያለው ርግብ አንሶኝ ነው?»

አነጋገራቸው ቅሬታ ይምሰል እንጂ ደስ እንዳላቸው ያስታውቃሉ። የመጡትም መርከቧ የላከችላቸውን ወረቀት እንዳነብላቸው ነው። ወረቀቱ አፈር አይያዝ፣ ዘር አይያዝ፣ ጫማ ይታጠብ፣ ኪስ ይራገፍ ይላል። ሻንጣውን ሲከፍቱት ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ ስንቅ ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በካልሲ ውስጥ የተጠቀለለ ሽንብራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ከረጢት ያልተፈጨ ተልባ።

«የዘር ነገር ያንቺ ሥራ ነው» አሉኝ። «እስቲ ቼክ አድርጊልኝ፤ የትኛው ነው ጣጣ የሚያመጣብኝ?»

እውነታቸውን ነው፤ ሥራዬ ነው። እዚሁ ለንደን ውስጥ፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ የዕፅዋት ዘር ለመጪው ጊዜ በሚቀመጥበት አንድ ተቋም ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ዘር ስለቅም ኖሬያለሁ። የደረቀ ፍሬ በከረጢት ይመጣልኛል፤ ከገለባው እለያለሁ፣ ተባይ የበላውን አወጣለሁ፣ ደህናውን አስረክባለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ እንዴት ገባሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እኔም በአጋጣሚ ነው ብዬ አልፋለሁ። የዚያን ቀን ግን እጄን ተልባው ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ ሳቄ መጣ። እትዬ አስካለ ምን ሆንሽ ብለው ሲያፈጡብኝ፣ ለማንም ሙሉውን ያላወራሁትን ነገር ሻንጣው መሃላችን እንደተከፈተ አወራሁላቸው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከደሴ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴ። ክሮይደን ወዳለው የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስመላለስ ከርሜ የመኖሪያ ፈቃዴና የጉዞ ሰነዴ እጄ ከገባ ገና ጥቂት ወር ነው። የምሠራው በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ አንሶላ ማጠቢያ ውስጥ ነበር። መስኮት የለውም፤ ጠዋት ገብቼ ስወጣ መሽቶ ስለሚጠብቀኝ በክረምት ፀሐይን የማያት በእረፍት ቀኔ ብቻ ነው። አንድ ቀን አለቃችን፣ ወንድሟ የሚሠራባት ትንሽ መርከብ የመኝታ ክፍል አጽጂ እንደምትፈልግ ነገረችን። ሥራው ለአንድ ወቅት ነው፤ ኅዳር ተነስቶ መጋቢት ያልቃል። ሌሎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ እጄን አወጣሁ። ዋና አልችልም፤ ባሕርንም ከአውሮፕላን መስኮት በቀር አላየሁትም። ከዚያ ምድር ቤት ያውጣኝ እንጂ ወደ ጨረቃ ነው ቢሉኝም እሄድ ነበር።

ኬፕታውን ድረስ በአውሮፕላን ወሰዱን፤ ከዚያ መርከቧ ላይ ተሳፈርን። ተሳፋሪው ከሃምሳ አይበልጥም፤ አብዛኛው ጡረታ የወጣ፣ አንገቱ ላይ መነጽር ያንጠለጠለ፣ ስለ ወፍ ሲያወራ ምግቡ የሚቀዘቅዝበት ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ወደ ላይ ስመልስ ነው የቆየሁት። የገና ጾም ስለነበር ወጥ ቤቱ ቅቤም እንቁላልም እንደማልበላ ሲያውቅ ድንች ይቀቅልልኝ ጀመር፤ በአራተኛው ቀን ምስር በቲማቲም ሠርቶ አመጣልኝ። በርበሬ የለውም፣ ሽንኩርቱ ጥሬ ነው፣ ግን ሆዴ የያዘው የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነበር። እስከ ዛሬ ምስር ስበላ ወለሉ ከሥሬ ትንሽ የሚነቃነቅ ይመስለኛል።

የጉዞው መሪ ኮሊን የሚባል ስኮትላንዳዊ የወፍ ተመራማሪ ነበር። ዕድሜው ሃምሳን የዘለለ፣ ቀጭን፣ ከሰው ይልቅ ከወፍ ጋር የሚግባባ ዓይነት። የሚናገረው ትንሽ ነው፤ የተናገረውን ግን አይመልስም። ሰው የማይኖርባቸው ደሴቶች ላይ ከመውረዳችን በፊት ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ የደሴቶቹን ነገር አስረዳ። ከባሕር ሥር በፈነዳ እሳት የተፈጠሩ ናቸው፤ ከየትኛውም ምድር ርቀው ስለሚገኙ እዚያ ያለው ሣርና ወፍ ሌላ ቦታ የለም። ወፎቹ ጠላት ስለማያውቁ እንቁላላቸውን መሬት ላይ ነው የሚጥሉት። ከጎን ባለች አንዲት ደሴት ላይ በሰው ጫማ የገባ ባዕድ ተክል ተስፋፍቶ የወፎቹን ጎጆ መሥሪያ እንደዋጠው በፎቶግራፍ አሳየን። «ለዚህ አንድ ዘር በቂ ነው» አለ፤ ፎቶውን አጥፍቶም ወጣ።

ስለዚህ ማንም ከመውረዱ በፊት ልብሱ ይፈተሻል። ኪስ ይገለበጣል፣ ስፌት ሁሉ በቫኪዩም ይጠረጋል፣ ካልሲና ማሰሪያ ላይ የተጣበቀው ሣር በወረንጦ ይነቀላል፣ ጫማ መድኃኒት ያለበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ይህን የሚያግዝ ሰው ሲፈለግ ልብስ የማውቅ እኔ ነበርኩና ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን ኮሊን ራሱ አይቶ ያለፈውን የራሱን ጃኬት አምጥቶ ሰጠኝ፤ ሊፈትነኝ መሆኑን አላወቅሁም። ከአንገቱ ሥር፣ ከእጅጌው ጫፍና ከሚጣበቀው የቬልክሮ ማሰሪያ ውስጥ አሥራ አንድ የሣር ዘር አውጥቼ ነጭ ወረቀት ላይ ደረደርኩለት። አንድ በአንድ ቆጠራቸው። የት እንደተማርኩ ሲጠይቀኝ ምስር በመልቀም ነው አልኩት። አልገባውም። እኛ ቤት ምስር ከገበያ ሲመጣ ጠጠሩና እንክርዳዱ በትሪ ላይ እንደሚለቀም፣ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የኔ ድርሻ እንደነበረ፣ ጠጠር ካለፈኝና የአባቴ ጥርስ ሥር ከገባ የሚደርስብኝን ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ቦታው የኔ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተሳፋሪዎች ካልሲያቸውን ይዘው ተሰልፈው ሲጠብቁኝ ትንሽ ኩራት ቢጤ አደረብኝ። ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ መሬት አይወርድም፤ ኮሊን ግን በሦስተኛው ሳምንት ጠራኝና በሚቀጥለው ደሴት ከተሳፋሪው ጋር ወርጄ አልባትሮስ የሚባለውን ትልቅ ወፍ እንዳይ ፈቀደልኝ። አያይዞም በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ የፍተሻ ሥራ ሊቀጥረኝ እንደሚፈልግ፣ ከጉዞው ስንመለስ ለኩባንያው እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ። ወደ ምድር ቤቱ አልመለስም ማለት ነው። የዚያን ቀን አንሶላ ስቀይር ለብቻዬ እዘፍን ነበር።

አሁን ስለ ካፖርቴ ልናገር። ካፖርቱ ከደሴ ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ተመርጦ የተገዛ፣ ጥቁር፣ ወፍራም ነው። ከአገር ልወጣ ዋዜማ እናቴ ገበሩን ተርትራ፣ በብብቱ ሥር ከጨርቅ የሰፋቻትን ትንሽ ከረጢት ከተተችበት፤ ከረጢቷ ውስጥ የጤና አዳም ፍሬ አለ። ከክፉ ዓይን እንዲጠብቀኝ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጠፍቶ የጓሯችን ጤና አዳም ደርቃ ነበር፤ ፍሬው ሳይከፈት ቀጥፋ በጥላ ካደረቀችው የቀራት ሰባት ፍሬ ብቻ ነው። መዳፏ ላይ አድርጋ ፊቴ ቆጠረቻቸው። ለራሷ ምንም እንዳልቀራት አይቻለሁ፤ እምቢ ለማለት ግን አፍ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት እናቴ ታማለች በተባልኩ ቁጥር የመጀመሪያ ሐሳቤ እነዚያ ፍሬዎች ነበሩ። በጤና አዳም ማመን አለማመኔ ሌላ ነገር ነው። ያላትን ሁሉ ወስጄባት መጣሁ የሚለው ስሜት ግን ለቅቆኝ አያውቅም።

እንዲህ የማስበውን ነገር ታዲያ የሰው ካልሲ ስለቅም እንዴት ረሳሁት? አልረሳሁትም፤ ጉዱ ይኸው ነው። የአንገቴን ማተብ እንደ ዕቃ እንደማልቆጥረው ሁሉ ከረጢቷንም እንደ ዕቃ ቆጥሬያት አላውቅም። «ዘር የያዘ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የማስበው ስለ ሌላ ሰው ኪስ ነው። የኔን ልብስ ደግሞ ማንም አልፈተሸውም፤ ፈታሿ እኔ ነኝና።

በወረድንበት ጠዋት ነፋሱ ብርድ የቀላቀለ ስለነበር ከመርከቧ ዝናብ መከላከያ ሥር ካፖርቴን ደርቤ ወረድኩ። ከጎማ ጀልባዋ ወርደን በጥቁር ጠጠር ላይ ጥቂት ሄድን፤ ከዚያ ገመድ ይዘን፣ በደረት ልክ በቆመ ሣር መሃል አንድ አቀበት ወጣን። ሁሉም ነገር የወፍ ኩስና የባሕር ጨው ይሸታል። ቢጫ ቅንድብ ያላቸው ፔንግዊኖች እግራችን ሥር እየተጋፉ ያልፋሉ፤ መንገድ እንድንለቅላቸው ቆመው የሚቆጡም ነበሩ። ከላይ ሜዳው ላይ አልባትሮሷ ከጭቃ በተሠራ ጉብ ያለ ጎጆዋ ላይ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። ጥቁር ምንቃሯ ላይ ቢጫ መስመር ወርዶበታል፤ ዓይኗ የተኳለ ይመስላል። ኮሊን ከአምስት እርምጃ እንዳልቀርብ ነገረኝና ወደ ሌሎቹ ሄደ። ቁጭ ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ፤ ምንም አልመሰልኳትም። እንደዚያ ያለ ፀጥታ ልቤ ውስጥ ከገባ ዓመታት ሆኖት ነበር፤ እንባዬ መጣ።

አፍንጫዬን ልጠርግ መሐረብ ፍለጋ እጄን ወደ ካፖርቴ ስከት ነው ሽታው የመጣብኝ። ጤና አዳም ሲታሽ ደርቆም ቢሆን ይሸታል። በዚያ ሁሉ የወፍ ኩስ መሃል ያ ሽታ ብቻውን አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ገበሩን ስዳብስ በብብቴ ሥር ተቀድዷል፤ ገመዱን ይዤ ስንጠራራ መሆን አለበት። ከረጢቷ አፏን ከፍታለች። ውስጧ የቀሩት ሁለት ፍሬዎች ናቸው።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ያሰብኩት ዝም ማለትን ነው። ማንም አላየም። አምስት ፍሬ፣ እያንዳንዷ ከሽንብራ የማትበልጥ፣ በዚያ ሁሉ ሣርና ጠጠር መሃል ማን ያገኛታል? ብናገር ግን ሥራው ቀረ፤ የሚቀጥለው ዓመትም ቀረ፤ ከሁሉም የባሰው የኮሊን ፊት ነው። ፍሬዎቹን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜም ወደ እሱ መንገድ ጀምሬ ተመለስኩ። ወደ አልባትሮሷ ስዞር አሁንም እንዳለች ናት፤ እንቁላሏ ላይ ትንሽ ተነቃንቃ ተመቻቸች። ከዚያ በኋላ ማሰብ ተውኩ፤ እግሬ ነው የወሰደኝ።

ኮሊን መዳፌን አየ፣ እኔን አየ፤ ስንት ናቸው አለኝ። ሰባት ነበሩ፣ አምስት ጠፍተዋል አልኩት። የት እንደተሰፉ፣ ማን እንደሰፋቸውና ለምን እንደሆነ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኩት። አልጮኸም። መጮህ ይሻል ነበር። ተሳፋሪው በሙሉ ወደ መርከቧ እንዲመለስ አዘዘ፤ ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ሲያልሙ የከረሙ ሰዎች ናቸው። ምክንያቱ ሲነገራቸው አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ያም ራሱ አቃጠለኝ። ከዚያ ኮሊን ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ነገሩን አስረዳኝ። አንዲት ፍሬ እንኳ ከቀረች ለደሴቶቹ አስተዳደር ያሳውቃል፣ ያ ሜዳ ለዓመታት ለማንም ይዘጋል፣ በየዓመቱ ሰው እየመጣ የበቀለ እንዳለ ይፈልጋል። መርከቧም ፈቃዷን ታጣ ይሆናል።

ሁለታችንና አንድ መርከበኛ ቀረን። እነሱ ዝም ብለው መሬቱን በዓይናቸው ይጠርጉ ጀመር። እንዲህ እንደማይሆን ሳይ አፍረቴን ዋጥ አድርጌ አስቆምኳቸው። ምስር ሲለቀም ትሪው በሙሉ አይታይም፤ ከአንድ ጥግ ተጀምሮ በመዳፍ ልክ፣ በመዳፍ ልክ እየተገፋ ነው። በጉልበታችን ተንበርክከን ከሜዳው ወደ ታች እንደዚያው ወረድን። የመጀመሪያዋን ተቀምጬበት ከነበረው ቦታ ሥር አገኘኋት። ሁለቱን ከገመዱ አጠገብ፣ ሣሩ ሥር። አራተኛዋን ኮሊን ከአንድ ፔንግዊን እግር ሥር አነሣት፤ ወፊቱ ጓንቱን ነከሰችው። ሁሉም እንደ ተደፈኑ ናቸው፤ አንዷም ተከፍታ ዘር አላፈሰሰችም። አምስተኛዋ ግን የለችም። ባሕሩ እስኪነሣብን ፈለግን፤ በማግስቱ ጠዋትም ተመልሰን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ወረድን። ጉልበቴ ቆስሎ ነበር። ስድስት ፍሬዎች በጠርሙስ ውስጥ፤ ሰባተኛዋ የለችም።

መርከቧ ላይ ተመልሰን ኮሊን ወረቀቱን ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። ጽሑፉን አቁሞ ሰባት መሆናቸውን እርግጠኛ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ እናቴ ስትቆጥር አልኩት። እናትሽ በሕይወት አለች ወይ አለኝ። አለች። «እንግዲያው የቆጠረችውን ሰው እንጠይቃት» አለ፤ የምርምር ሰው አይደል።

እናቴ ስልክ የላትም፤ ስልክ ያላቸው ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ናቸው። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። በሳተላይቱ ስልክ ደውዬ እንዲጠሩልኝ ለመንኳቸው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስደውል እናቴ እያለከለከች አነሣች። ድምፃችን ሄዶ እስኪመለስ ይዘገያል፤ አንዳንዴ ሁለታችንም እንናገርና ሁለታችንም ዝም እንላለን። መጀመሪያ ምን ሆነሽ ነው፣ የት ነሽ፣ ማን አየሽ እያለች አስጨነቀችኝ። ደህና መሆኔን፣ መርከብ ላይ እንደሆንኩ፣ አንድ ነገር ልጠይቃት እንደፈለግሁ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ያኔ ካፖርቴ ላይ የሰፋሻት ጤና አዳም ስንት ፍሬ ነበረች?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ኮሊን በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን ያያል።

«ስድስት» አለች እናቴ።

ሰባት ስትቆጥር አይቼሻለሁ አልኳት።

«ሰባት ቆጥሬያለሁ፣ ውቤ። ሻንጣሽን ልታመጪ ስትገቢ አንዷን አነሣኋት። ለኔም ትሁነኝ፣ ከልጄ ጋር አንድ ነገር እንካፈል ብዬ ነው። የነጠላዬ ጥለት ላይ ሰፍቻታለሁ፤ ይኸው አሁንም እጄ ላይ ናት። ቅር አለሽ?»

ኧረ ምንም ቅር አላለኝም አልኳት። ስልኩን ጨብጬ አለቀስኩ፤ እሷም እዚያ ሆና አለቀሰች፤ ጋሽ ይመር ከጀርባ ምን ተፈጠረ እያሉ ይጮሃሉ። ኮሊን ነገሩ የከፋ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። ስድስት እንደነበሩ ነገርኩት። እንዴት እንዲህ እርግጠኛ ልትሆን ቻለች አለኝ። ሰባተኛዋ እጇ ላይ ስላለች አልኩት። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ የጻፈውን ቀደደና አዲስ ወረቀት አወጣ።

አዲሱንም ወረቀት ቢሆን አልማረኝም። የሆነውን ሁሉ ጻፈ፤ ስሜንና ጥፋቴን ሳይደብቅ። በዚያ ጉዞ ዳግመኛ መሬት አልወረድኩም፤ ያም ተገቢ ነበር። ከታች ግን ስህተቱን ማንም ሳያይባት ራሷ መጥታ ተናገረች፣ የወደቁትን አራቱንም ያገኘነው በእሷ ዘዴ ነው የሚል ጨመረበት። በሚቀጥለው ዓመት በፍተሻው ሥራ ላይ የተቀጠርኩት በዚያ ወረቀት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዛሬ የምሠራበት ቦታ ስገባ የጻፈልኝ ድጋፍም ከዚያው የተገለበጠ ነበር። የኔ ልብስ ከማንም በፊት የሚፈተሸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

እትዬ አስካለ ወሬዬን ሳያቋርጡ ነው ሰምተው የጨረሱት። ሽንብራውንና ተልባውን ሳልነግራቸው ከሻንጣው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ፤ በሶውንም አከሉበት፤ ዳቦ ቆሎው ብቻ የተጋገረ ስለሆነ ይፈቀድልዎታል አልኳቸው። ከዚያ እናትሽ እንዴት ናቸው አሉኝ። ካረፈች ስድስት ዓመት እንደሆናት ነገርኳቸው። ነፍስ ይማር ብለው ሲያበቁ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አንዷን ማስቀረታቸው ደግ አደረጉ» አሉ።

እኔም ይህንኑ ነው የማስበው። ልጅ ሆነን ስንሸኝ የቀሩት ባዶ እጃቸውን የቀሩ ይመስለናል፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ለአራት ዓመት ልብስ ባጠብኩ፣ በበላሁ፣ በሳቅሁ ቁጥር እናቴን የዘረፍኳት ያህል ይሰማኝ ነበር። እሷ ግን ሙሉ ሰው ነበረች፤ ለልጇ ስድስት ሰጠች፣ ለራሷ አንድ አስቀረች፣ ያስቀረቻትንም ደበቀቻት። ከዚያች የስልክ ጥሪ በኋላ ወደ ደሴ ስደውል ምን ጎደለሽ ብዬ መጀመሬን ተውኩ። እንዴት ዋልሽ እላት፣ እሷም ስለ ዶሮዎቿ፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ጓሮዋ ታወራልኝ፣ እየሳቅን እንሰነባበት ነበር።